ከራስ ምታቱ በፊት የሚመጣው ብርሃን

በጽጌ ወር ሁለተኛው እሑድ ጠዋት አንኮበርን ጉም ውጧት ነበር። ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ፣ ገደሉን እየታከከ ወጣና የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት፣ የቅጽሩን ጥዶች፣ በረንዳው ላይ የቆመውን ሕዝብ ሁሉ አንድ ላይ ሸፈነ፤ ሰው ከሰው የሚተዋወቀው በድምፅ ብቻ ሆነ። መምሬ ወልደኪዳን ቅዳሴ ጨርሰው ሲወጡ የነጠላው ንጣት ከጉሙ ንጣት ጋር ተቀላቅሎባቸው፣ ሕዝቡን ሳይሆን የሕዝቡን ጥላ የባረኩ መሰላቸው። ማኅሌት ቆመው ስላደሩ ጉልበታቸው ዝሏል። ከበሮው ግን አልተዋቸውም፤ ከሩቅ፣ ከውኃ በታች የሚመታ ይመስል በጆሯቸው ውስጥ ቀስ እያለ ይደልቃል።

ድንገት ጉሙ ተቀደደና ፀሐይ ወጣች። እርጥቡ ድንጋይ፣ የሣሩ ጫፍ፣ የመዘምራኑ ነጭ ቀሚስ በአንድ ጊዜ አብረቀረቀ። መምሬ ልጃቸውን እየሩሳሌምን ያዩዋት በዚያች ቅጽበት ነበር። ከመዘምራኑ ተርታ ቆማ፣ በአንድ እጇ አበባ ይዛ፣ በሌላው እጇ ከዓይኗ ላይ አንድ ነገር ታነሣለች። የሸረሪት ድር የነካት ነበር የምትመስለው። ደግማ ጠረገች። ከዚያም ከተርታው ወጥታ ግንቡ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

አጠገቧ የነበረችው ጎረቤታቸው ዘርትሁን ናት። ጎንበስ ብላ ምን እንደነካት ስትጠይቃት፣ ልጅቱ ቀና ብላ አየቻትና ግማሽ ፊትሽ ጠፋኝ አለቻት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ በጠፋው ፊት ቦታ ብርሃን እንደመጣ ነገረቻት፤ እንደ ማጭድ የታጠፈ፣ እንደ ማጭድም ጥርስ ያለው፣ እየተንቀጠቀጠ ቀስ በቀስ የሚሰፋ ብርሃን። ዓይኗን ብትጨፍነውም አይጠፋም። አንድ የዳዊት መዝሙር ተደግሞ እስኪያልቅ ያህል ከቆየ በኋላ ብርሃኑ ወደ ጥግ ሸሽቶ ሄደ። እግር በእግር ተከትሎት ራስ ምታቱ መጣ። እየሩሳሌም ግንቡን ተደግፋ አስታወከች። ዘርትሁን በነጠላዋ ሸፍና፣ ክንዷን ይዛ ቤት ድረስ አደረሰቻት።

ራስ ምታቱ አዲስ ነገር አልነበረም። ካለፈው ግንቦት፣ ከዘጠነኛ ክፍል ፈተና ጀምሮ በወር አንዴም ሁለቴም ይመጣባት ነበር። እናቷ አልታየች ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ታሸታታለች፤ ግንባሯን በሻሽ ጠፍንጋ ታስራለች፤ ሲብስባት ከሱቅ ክኒን ታስመጣለች። ልጅቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝታ ስትነቃ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ተነሥታ ትስቃለች፣ ትበላለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ስለዚህ ሁሉም ይረሳዋል። የብርሃኑን ነገር ግን እስከዚያ እሑድ ድረስ ለማንም ተናግራ አታውቅም።

መምሬ ወልደኪዳን ይህን ከዘርትሁን አፍ ሲሰሙ ልባቸው ሌላ ቦታ፣ ሌላ ዘመን ውስጥ ገባ።

አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር። ሰላ ድንጋይ አጠገብ ካለ ዜማ ቤት ገብተው ሁለት ዓመት ከተማሩ በኋላ ትምህርቱ ሰለቻቸው፤ ደነባ ያለ እህል ነጋዴ አጎታቸው ና ከእኔ ጋር ሥራ ብሎ ላከባቸው። እሺ አሉ። የጠዋቱን ቃለ ትምህርት ካደረሱ በኋላ ሊሄዱ ልብሳቸውን ጠቅልለው አስቀመጡ። በዚያ ጠዋት ከመምህራቸው ፊት ቆመው ዜማውን ሲያዜሙ የመምህሩ ግማሽ ፊት ጠፋ። በቦታው ብርሃን መጣ፤ የታጠፈ፣ ጥርስ ያለው፣ የሚንቀጠቀጥ። ወደቁ። ቀኑን ሙሉ ተኙና ሲነቁ ጥቅላቸውን ፈቱት። ደነባ ሳይሄዱ ቀሩ።

ብርሃኑን ከዚያ ወዲህ ስድስት ጊዜ አይተውታል። የመጨረሻው በቀሰሱ ዓመት፣ በሃያ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ቀረ። መጀመሪያ ላይ ጠበቁት። በጾሙም በሱባኤውም ጠበቁት። ስንት ዓመት ከጠበቁ በኋላ አንድ ያጠፉት ነገር ቢኖር ነው አሉና መጠበቁን ተዉ። ለአልታየች አልነገሯትም፤ ለንስሐ አባታቸውም አልተናገሩም። አሁን አርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ያ የተዋቸው ብርሃን ወደ ቤታቸው ተመልሶ በልጃቸው ዓይን ውስጥ ገብቷል። እሳቸው እንደዚያ ነበር ያሰቡት፤ ደስታቸውም በአንድ ጊዜ ሰው እንዳያይባቸው የሚሸሹትና ለሰው ሁሉ ሊነግሩት የሚፈልጉት ዓይነት ነበር።

ወሬው በሳምንቱ ውስጥ የአንኮበርን ከተማ ጎረቤላን አዳረሰው። የመምሬ ልጅ ብርሃን ታያለች ተባለ። ጠዋት ውኃ ሊቀዱ የሚወርዱ ሴቶች በደጃቸው በኩል ያልፉ ጀመር፤ መንገዱ ግን በዚያ በኩል አልነበረም። አንዷ ሕፃን ይዛ መጥታ እየሩሳሌም እንድትዳብሰው ለመነች። ሌላዋ የታመመች እናቷን ነጠላ ይዛ መጣች። ልጅቱ አፍራ እናቷ ጀርባ ትደበቃለች። መምሬ አንድ ቃል ቢናገሩ ሁሉም በዚያው በቆመ ነበር። ያችን ቃል አልተናገሩም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዘርትሁን መጣች። የዘርትሁን ልጅ ምህረቱ በመጋቢት ወር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአፋር በረሃ በኩል ባሕር ተሻግሬ ሥራ እፈልጋለሁ ብሎ የወጣ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ከጅቡቲ አጠገብ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አይሠራም። ሰባት ወር ሆኖታል። በየገበያው ቀን ዘርትሁን ቁልቁለቱን ወርዳ አሊዩ አምባ ትሄዳለች። ከቆላ የሚመጡትን ነጋዴዎችና ሾፌሮች የልጇን ፎቶግራፍ እያሳየች ትጠይቃለች፤ ከዚያ ያንን ዳገት እየተነፋፈሰች ትመለሳለች።

እየሩሳሌም በዚያን ቀን ራስ ምታቱ ገና እየለቀቃት፣ ፊቷን ሸፍና መደብ ላይ ተኝታ ነበር። መምሬ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ዘርትሁን ከልጅቱ ራስጌ ቁጭ ብላ እጇን ስታሻሽ ቆየች።

«ብርሃኑ ውስጥ ሰው ይታይሻል ወይ?» አለች በመጨረሻ። «ምህረቱ አለ?»

መምሬ ዳዊቱ ላይ ያለው ጣታቸው ቆመ። ጉሙ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ አጥሩን አልፎ ወደ ግቢው ሲገባ ያዩታል፤ የሚናገረው ድምፅም ከጉሙ ውስጥ የመጣ መሰላቸው።

«አለ» አለች ልጃቸው። «ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ደህና ነው።»

ዘርትሁን የልጅቱን ጉልበት ስማ ወጣች። በደጁ የሚያልፉት ሴቶች ስትወጣ ሲያዩዋት መንገድ ለቀቁላት። በማግስቱ የምህረቱን ጋቢ አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣችው። በገበያው ቀን አሊዩ አምባ አልወረደችም። ለምን ቀረሽ ሲሏት ልጄ ደህና ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ በእግዚአብሔር ጊዜ ይደውላል ትላለች። ፊቷ ያበራ ነበር። በሚቀጥለውም ገበያ አልወረደችም።

እየሩሳሌም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሷ እየሰፋት መጣ። ምሳዋን ሳትነካው ትመልሳለች። ተኝታለች ሲሏት ዓይኗን ከፍታ ጣራውን ታያለች። በወር አንዴ ሁለቴ የነበረው ራስ ምታት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጣ። መምሬ ከብርሃኑ ጋር መላመድ እንደሆነ አድርገው ሊያስቡት ሞከሩ። አልታየች እንዲያስቡት አልፈቀደችላቸውም።

«እኔ የማየው ብርሃን የለም» አለቻቸው አንድ ጠዋት ማጀት ውስጥ፣ ጀርባዋን ሰጥታ። «የማየው የምትከሳ ልጅ ነው። የተዘጋው መንገድ እንደተከፈተ ደብረ ብርሃን እወስዳታለሁ። እርስዎ ቢመጡም ባይመጡም።»

መንገዱ ሰንብቶ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ሦስቱም ሚኒባስ ተሳፍረው ወጡ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጉሙ ከኋላቸው ቀረ። ገብሱ ለአጨዳ ደርሶ ቢጫ ሆኗል፤ ነፋሱ ከዳር እስከ ዳር ሲያልፍበት ይተኛል፣ ደግሞ ይነሣል። መምሬ በመስኮቱ እያዩ የከተማዋን ስም አሰቡ። ከሰማይ ብርሃን ወርዶባታል ተብሎ ስም የወጣላት ከተማ ናት፤ እሳቸው ደግሞ ብርሃን በሽታ ነው ወይ ብለው ሊጠይቁ ልጃቸውን ይዘው ወደዚያችው እየሄዱ ነው። የሚያሳፍር ይሁን የሚያስቅ ሊለዩት አልቻሉም።

ክሊኒኩ ውስጥ ብዙ ሰው ነበር። ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ የምትኖር አንዲት እናት ከልጇ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስለነበር ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻቸው። ተራቸው ሲደርስ ያየቻቸው ሐኪም ዶክተር ወይንሸት ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ሹራቧን ከነጭ ካፖርቷ በላይ ደርባለች። የእየሩሳሌምን የደም ግፊት ለካች፤ በትንሽ መብራት የዓይኗን ውስጥ አየች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፊደሎች በየዓይኗ አስነበበቻት፤ አንገቷን አጎንብሳ አገጯን ደረቷ ላይ እንድታስነካ፣ በቀጭን መሥመር ላይ እንድትራመድ አደረገቻት። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ መጠየቅ ጀመረች። ጥያቄዋ አላልቅ አለ። መቼ መቼ ይመጣል? በዚያ ቀን ምን በልተሽ ነበር? ስንት ሰዓት ተኝተሽ ነበር? ውኃ ትጠጫለሽ? ቤት ውስጥ ጭስ አለ? ስልክ ላይ ትቆያለሽ? የወር አበባሽ በመጣ ሰሞን ነው ወይስ በሌላ ጊዜ? ጭንቅላትሽን መትቶሽ ያውቃል? የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?

እየሩሳሌም ለሁሉም ስትመልስ ቆይታ ለመጨረሻው አልመለሰችም። ዶክተሯም ሳትጫናት አለፈችው።

ይህ ማይግሬን የሚሉት የራስ ምታት ዓይነት ነው አለቻቸው። በእሷ ዕድሜ ያሉ ብዙ ልጆች አለባቸው፤ ለአንዳንዶቹ ብርሃኑ ቀድሞ ይመጣል። እናቷ በተለይ ልትሰማው የሚገባ ነገር እንዳለ ነገረቻት፤ ከትኩሳትና ከአንገት መድረቅ ጋር ከመጣ፣ ድንገት እንደ መብረቅ ከወረደ፣ እጅ እግሯን ካሰነፈ ወይም አንደበቷን ከያዘ፣ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፍ እየቀሰቀሰ ካስታወካት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘዋት እንዲመጡ። ክኒኑንም እንዳታበዛ መከረቻት፤ ክኒን ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ቀጥላም ከቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ራስ ምታት የነበረበት ሰው አለ ወይ ስትል አልታየች በእሷም በእሳቸውም ወገን ማንም የለም ብላ መለሰች።

መምሬ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩታል።

«ብርሃኑን የሚያመጣው ምንድን ነው?» አሉ።

ዶክተሯ ትንሽ አሰበች። «አባቴ፣ ሲመጡ ነፋሱ ገብሱ ላይ ሲያልፍ አይተዋል? እንደዚያ ቀስ ብሎ አንጎል ላይ የሚያልፍ ነገር አለ። ማየትን በሚሠራው ቦታ ላይ ሲያልፍ ብርሃን ሆኖ ይታያል። ሲያልፍ ያልፋል፣ ጉዳት ጥሎ አይሄድም።»

«በዕድሜ ብዛት ይተዋል?»

«አንዳንዱን በሃያዎቹ፣ አንዳንዱን በሠላሳዎቹ ይተዋል። ለምን እንደሚተው አናውቅም።»

«ሰውየው ምንም ሳያጠፋ?»

ዶክተሯ ፈገግ ልትል ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። «ምንም ሳያጠፋ» አለች።

ውጭ ባጃጅ አለፈ። መምሬ ወልደኪዳን ለሃያ ስድስት ዓመት የተሸከሙትን አንድ ነገር ከጫንቃቸው ላይ ያወረዱ መሰላቸው፤ በዚያው ልክ ደግሞ እጃቸው ባዶ ሆነ። ሁለቱን መለየት አቃታቸው። ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ።

«ከቤተሰብ ውስጥ ሰው አለ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ስለ ዜማ ቤቱ፣ ስለ መምህሩ ግማሽ ፊት፣ ስለ ተፈታው ጥቅል ሁሉንም ተናገሩ። አልታየች እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማቻቸው። ሃያ ሰባት ዓመት አብራቸው ስትኖር ያልሰማችው ነገር ነው። እየሩሳሌም ግን አባቷ ሲጨርሱ ማልቀስ ጀመረች።

ዶክተሯ የምትመክረውን ስትመክር ረጋ ብላ ነበር። ዝንባሌው ከአባቷ የወረሰችው ነው፣ የሚቀሰቅሰው ግን ብዙ ነገር ነው አለች፤ ለአንዱ እንቅልፍ ማጣት፣ ለሌላው ረኃብና ጥማት፣ ከጨለማ ድንገት ወደ ብርሃን መውጣት፣ የወር አበባ መቃረብ፣ ጭንቀት። የእየሩሳሌም የትኞቹ እንደሆኑ የምታውቀው እሷው ራሷ ናት። ስለዚህ ለሁለት ወር ራስ ምታቱ በመጣ ቁጥር ቀኑን፣ የበላችውን፣ የተኛችበትን ሰዓት እንድትጽፍ አዘዘቻት። የመምሬንም ፊት እየተመለከተች ስለ ማኅሌቱና ስለ ጾሙ ልታነሣ ስትል እሳቸው ቀደሟት። የታመመን ሰው ጾሙ አይይዘውም አሉ፤ ይህን ለሌላው ሰው ስንት ጊዜ ተናግረውታል። እየሩሳሌም ሌሊቱን ተኝታ ጠዋት ለቅዳሴው ትደርሳለች።

አንኮበር ሲደርሱ አመሻሽ ነበር። ከሚኒባሱ ወርደው ዳገቱን ሲጀምሩ አልታየች ቀድማቸው ሄደች፤ እንደተቆጣች ከአረማመዷ ያስታውቃል። እየሩሳሌም ከአባቷ ጎን እየተራመደች ነበር። ጉሙ እንደገና መጥቶ ከፊታቸው ያለውን መንገድ በጥቂት በጥቂቱ እየገለጠ ያሳልፋቸዋል።

«ምህረቱን አላየሁትም» አለች።

መምሬ ቆሙ።

«ብርሃኑ ውስጥ ማንም የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ዘርትሁን አጠገቤ ተቀምጣ ስታለቅስ እንባዋ እጄ ላይ ወረደ። አለ አልኳት። ሸሚዙንም ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።» ጥቂት ተራመደችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች፤ «እርስዎ ደጃፉ ላይ ነበሩ። ውሸቴን እንደሆነ ቢያውቁ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ስለዚህ እኔም አላወቅሁም ይሆናል፣ አይቼው ይሆናል አልኩ።»

መምሬ ትከሻዋን ያዙና ሄዱ። ቤት አልገቡም፤ የራሳቸውን ደጃፍ አልፈው ዘርትሁን ደጃፍ ቆሙ።

ዘርትሁን ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። እየሩሳሌም ቆማ፣ አንድም ቃል ሳትቀንስ ነገረቻት። መምሬ ቀጥለው ጥፋቱ የልጅቱ ሳይሆን የእሳቸው እንደሆነ፣ ብርሃኑ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እንደ ትልቅ ነገር አድርገው ዝም ማለታቸው እንደሆነ ተናገሩ። ዘርትሁን ባቄላውን መፈልፈሏን አላቆመችም። ዘንቢሉ ውስጥ ያለው አልቆ እጇ ባዶ ሲሆን ብቻ ቀና አለች።

«ሦስት ገበያ አለፈኝ» አለች። «በሦስቱ ገበያ አንድ ያየው ሰው አልፎ ሊሆን ይችላል።»

ተነሥታ ገባች። በሩን በቀስታ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ሴቶቹ በደጃቸው ማለፉን ተዉት፤ ጥቂቶቹ ሰላምታም ተዉ። አልታየች ባሏን አኩርፋ ከረመችና አንድ ቀን ከብርሃኑ ሌላ የደበቁኝ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። የለም አሉ። እንግዲያው ይብሉ ብላ ምሳቸውን አቀረበችላቸው። መምሬ ቅዳሴ ሲገቡ ለጥቂት እሑዶች እግራቸው ከበዳቸው። ያ ብርሃን ባይመጣ ኖሮ ዛሬ ደነባ እህል እየመዘንኩ እኖር ነበር ብለው አሰቡ። ግን ከዚያ ጠዋት በኋላ የነበሩት ሠላሳ አምስት ዓመታት፣ ያጠመቋቸው ልጆች፣ የቀበሯቸው ሰዎች፣ በጉም ውስጥ የባረኳቸው ጥላዎች ሁሉ የተቆጠሩት በእሳቸው ጉልበት ነበር። ነፋስ በገብስ ላይ አልፎ ይሁን፣ ሌላ ነገር አልፎ ይሁን፣ ጥቅሉን የፈቱት እሳቸው ናቸው። በዚህ ሐሳብ ላይ ለመቆም ጊዜ ወሰደባቸው፤ አንዳንድ ቀን ይቆሙበታል፣ አንዳንድ ቀን አይቆሙበትም።

እየሩሳሌም መዝገቧን ጻፈች። ጠዋት ሳትበላ አትወጣም፤ ውኃ በላስቲክ ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ራስ ምታቱ አልጠፋም። ሲመጣ ግን አሁን ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ገና ሲጀምር አንድ ክኒን ወስዳ፣ ጨለማ ፈልጋ ትተኛለች። አባቷ ራስጌዋ ይቀመጣሉ። ያዩትን እርስ በእርስ ያወዳድራሉ፤ የእሷ ከግራ ይነሣል፣ የእሳቸው ከቀኝ ነበር። የእሷ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ አለው። የእሳቸው ሰማያዊ ይኑረው አይኑረው ማስታወስ አቃታቸው፤ ቀን ሙሉ ሲያስቡት ዋሉ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ዘርትሁን ሳታስበው የመጣች በሚመስል ሁኔታ ግቢያቸው ገባች። አሊዩ አምባ እንደገና መውረድ ከጀመረች ቆይታለች። አንድ ሾፌር ደብረ ብርሃን ላይ የጠፉ ሰዎችን የሚያፈላልግ ቢሮ እንዳለ ነግሯታል፤ እሷ ግን ከፊደል ጋር አትተዋወቅም። ይህን ለመምሬ ነገረቻቸውና እየሩሳሌምን አየቻት።

«ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው አሉ» አለቻት።

በታኅሣሥ፣ ልጅቱ ለዶክተሯ በተቀጠረችበት ቀን፣ አራቱም አብረው ሄዱ። ዶክተር ወይንሸት መዝገቡን ገጽ በገጽ አነበበችው። በሁለት ወር አምስት ጊዜ ነበር የመጣው። ሁለቱ እንቅልፍ ባጣችበት ማግስት፣ አንዱ የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል፣ አንዱ ሳትበላ በዋለችበት ቀን ነው። አምስተኛው በደህና ተኝታ፣ በደህና በልታ በዋለችበት ቀን ያለ ምንም ምክንያት የመጣ ነው። ይህንን ዶክተሯ ደግማ አየችውና እንዲህም አለ አለች፤ ሁሉንም ልናገኘው አንችልም። ብርሃኑ የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ቢሮው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ አንድ መስኮት ያለው ክፍል ነው። የደብረ ብርሃን ነፋስ መስታወቱን ያንቀጠቅጠዋል። ጸሐፊው ቅጽ አውጥቶ ስም፣ ዕድሜ፣ የወጣበትን ቀን ጠየቀ። መለያ ምልክት የሚለው ላይ ሲደርስ ዘርትሁን መናገር ጀመረች። ሲተኛ አንድ እጁን ከራሱ በታች እንደሚያደርግ፣ በቅሎ ሲጠራ በጥርሱ እንደሚያፏጭ፣ ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ እየዞረ እሷን እንደሚጠብቅ ተናገረች። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ጠበቃት፤ ቅጹ ላይ ለመለያ ምልክት የተሰጠው ቦታ አንድ መሥመር ብቻ ነበር። እየሩሳሌም ባዶ ወረቀት ለምና ተቀብላ ሁሉንም መጻፍ ጀመረች። አልታየች ነጠላዋን አጣፍታ ግድግዳውን ተደግፋለች። መምሬ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ ጉልበታቸውን እያሞቀችው፣ ያ የጠፋው ልጅ ቃል በቃል ወደ ክፍሉ ሲገባ ይሰማቸዋል።

ትንሽ ሳለ ውሻ የነከሰው ጆሮ አለው አለች ዘርትሁን፣ ጫፉ ተቆርጧል።

«የትኛው ጆሮ?» አለች እየሩሳሌም።

ዘርትሁን ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። ልጁ ከፊቷ የቆመ ይመስል እጇን አነሣች፤ ቀስ ብላ በአየሩ ላይ የጉንጩን፣ የጸጉሩን ዙሪያ ዳሰሰችና አንድ ቦታ ላይ አቆመችው። ከዚያ የእሱን ግራና ቀኝ ለመለየት እሱ በቆመበት በኩል ዞር አለች።

«የግራው» አለች።

እየሩሳሌም ጻፈችው።